የእጃጂው ቦኮላ

«የድሮው እኮ በግምት ነበር» ሲሉ ሰማቸው። ሀጂ አቡበከር በስልክ ሲያወሩ ይጮኻሉ፤ አምቦ ሆነው እጃጂ ያለ ሰው ሲያናግሩ ድምፃቸውን የሚያደርስላቸው ስልኩ ሳይሆን ጉሮሯቸው ይመስላቸዋል። ደሊል ከቆርቆሮው ግድግዳ ወዲህ፣ ከበርሜሉ አንድ ጣሳ ውሃ ቀድቶ እጁን ሊታጠብ ጎንበስ እንዳለ ነበር። «አዎ ኦቦ አዱኛ፣ አሁንማ በኮምፒውተር ነው። ልጄ ናት፣ ፈይሩዝ። አዎ፣ ኢንጂነር ናት፣ አልሐምዱሊላህ። የድሮው እኮ በግምት ነበር፣ በእርሳስ። ደሊልንማ በራችን ላይ ያለው ሱቅ ውስጥ ይግባና ብሎን ይሽጥ ብያለሁ። የእርስዎ ሥራ ዛሬ በደህና ይውጣ እንጂ ከነገ ጀምሮ ንድፉ የእሷ ነው።» ጣሳው ደሊል እጅ ላይ ዘመም ብሎ ውሃው ጫማው ውስጥ ገባ። የአምቦ ጠዋት በጥቅምት ያንቀጠቅጣል፤ የእሱ ፊት ግን ነደደ።

አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ! ከሸነን እስከ አዲስ ዓለም ያለ የወፍጮ ባለቤት የተሰበረ ብረቱን በማዳበሪያ ከረጢት ቋጥሮ ሲመጣ፣ ያንን ዘይት የጠጣ ብረት አገላብጦ፣ በካሊፐር ለክቶ፣ ወረቀት ላይ የሚያወርደው ማን ሆነና ነው ግምት የሚባለው? ከውጭ የሚታየውን በወፍራም መስመር፣ ከውስጥ ያለውን፣ ዓይን የማያየውን ቀዳዳና እርከን ደግሞ በተቆራረጠ መስመር ይሰራዋል። የቶርኖው ሰው ዳዲ ያንን የተቆራረጠ መስመር ሲያይ «እዚህ ጋ ሆድ አለው» ይላል፤ ሆዱንም የፀጉር ያህል ሳይስት ከብረቱ ውስጥ ያወጣዋል። በግምት ቢሆን ኖሮ የስንቱ ወፍጮ ዘንግ ተሰብሮ የስንቱን እግር በቆረጠ! ይህን የሚለው ባዳ ቢሆን አንድ ነገር ነው። ሀጂ የአባቱ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ከወራቤ በዘጠኝ ዓመቱ አምጥተው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ሰው በወላጁ አፍ እንዲህ ሲጣል የት ሄዶ ነው አቤት የሚለው? ደሊል ጫማውን አራግፎ፣ ምንም እንዳልሰማ ሰው «አሰላሙ አለይኩም» ብሎ ገባ። ሀጂም ምንም እንዳላሉ ሰው «ወአለይኩም ሰላም፣ ደህና አደርክ የኔ ልጅ» አሉት።

ቢሮ የሚሉት ክፍል ሦስት ሜትር በአራት ቢሆን ነው። አንዱ ግድግዳ ላይ የንግድ ፈቃዱ፣ ከጎኑ የፈይሩዝ የምረቃ ፎቶ በወርቅማ ፍሬም ተሰቅሏል፤ ፍሬሙ ብቻ ስምንት መቶ ብር ነው የፈጀው፣ ሀጂ ለገባ ለወጣው ዋጋውን ይናገራሉ። የደሊል የቴክኒክና ሙያ ዲፕሎማ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ቤቱ ከፍራሽ ሥር ነው፤ አምጣና እንስቀለው ያለው ሰውም የለም። ጠረጴዛው፣ የእሱ ጠረጴዛ፣ ክርኑ የሚያርፍበት ቦታ ቀለሙ የለቀቀው ጠረጴዛ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙረውታል። ላዩ ላይ ላፕቶፕ ተቀምጧል። ማስመሪያው፣ እርሳሶቹና ላጲሱ በወተት ዱቄት ጣሳ ተሰብስበው ከበሩ ኋላ መሬት ላይ ናቸው። ማንም በክፋት አላደረገውም፤ ቦታ ጠቦ ነው። ክፋት ቢሆን ይሻለው ነበር፣ ቢያንስ ይጣላ ነበር።

«ወንድም ጋሼ! አካም ቡልቴ!» አለችው ፈይሩዝ። ቤታቸው ውስጥ ስልጢኛ ቢወራም እሷ አምቦ ተወልዳ አምቦ ያደገች ስለሆነች ደስ ሲላት ኦሮምኛው ይቀድማታል። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ሻርፗን አንገቷ ላይ ጠምጥማ፣ ሌሊቱን ስትሠራ ያደረች ዓይኗ ደፍርሶ፣ ፊቷ ግን በርቶ ነበር። «ና ና፣ እስኪ እየው፤ አንተ ካላየኸው ልቤ አያርፍም» ብላ ወንበሩን ለቀቀችለት። ስክሪኑ ላይ የእጃጂው ወፍጮ ቦኮላ፣ ዘንጉ ውስጡ የሚሽከረከርበት ያ ወፍራም የብሮንዝ ጉርድ፣ አየር ላይ ተንሳፎ ነበር። በጣቷ ስትነካው ይዞራል፤ ስትገፋው ይገለበጣል። «እንዳንተ በተቆራረጠ መስመር ሞክሬው ነበር እኮ» አለች። «እርከኑም፣ የዘይቱ ቦይም፣ የቁልፉ መግቢያም ሁሉም ሆዱ ውስጥ ነው። መስመሩ በመስመር ላይ ሲደራረብ ጉንዳን የወረረው መሰለብኝ። ከዚያ ሰነጠቅኩት።» አንድ ነገር ተጫነች፤ ቦኮላው እንደ ፓፓያ መሃል ለመሃል ተከፈለና ውስጡ ወለል ብሎ ታየ። እርከኑ እዚያ ነው። የዘይቱ ቦይ እየተጠማዘዘ ይሄዳል። ደሊል አሥራ ሁለት ዓመት ጣቱን ቀዳዳ ውስጥ እየከተተ፣ ክብሪት እየጫረ፣ በሽቦ እየዳሰሰ ሲያወጣው የኖረው ነገር ሁሉ ተዘርግቶ ተቀምጧል።

ያምር ነበር። ያንገበገበውም እሱ ነው። ቢያስጠላ፣ ልክ ቢያጣ፣ አንዲት ቁጥር እንኳን ብትሳሳት ቅልል ይለው ነበር፤ ሁሉንም አንድ በአንድ አየው፣ አንዲትም አልሳተችም። ቀና። ሌላ ስም የለውም፣ ቀና። ይህችን ልጅ በትከሻው ተሸክሞ የሁሉቃን ወንዝ አሻግሯታል፤ የሰባት ዓመት ልጅ ሆና የክብሪት ቀፎ ይዞ «ውስጡ ያለችው እንጨት አትታይም፣ አለች ግን፤ ስለዚህ እየቆራረጥን እናሰምራታለን» ብሎ ያስተማራት እሱ ነው። አሁን እሷ ወንበሩ ላይ፣ እሱ ከበሩ ኋላ። ያጎረስኩ እጄን ተነከስኩ አለ በልቡ።

ከዚያ የታተመውን ወረቀት አቀበለችው። በግራ በኩል ቦኮላው ከፊት ሲታይ፣ ክብ ሆኖ ተስሏል፤ ክቡን አንድ መስመር መሃል ለመሃል አቋርጦታል፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ቀስትና ፊደል አለው። በቀኝ በኩል የተሰነጠቀው ግማሽ አለ፤ ብረት የሆነው ቦታ ሁሉ በቀጫጭን ሰያፍ መስመሮች ተሞልቷል። ትምህርት ቤት የገባ ሰው ይህን ሲያይ «እዚህ ጋ ቢቆረጥ ውስጡ እንዲህ ይታያል ማለት ነው» ይላል፤ መቁረጡ በሐሳብ ነው። ዳዲ ግን ከስድስተኛ ክፍል ወጥቶ ቶርኖ ላይ የቆመ ሰው ነው። የሚያነበው የደሊልን ንድፍ ብቻ ነው፤ ደሊል ደግሞ አንድም ቀን የተሰነጠቀ ንድፍ ሰጥቶት አያውቅም። ናሙናውም ከመጣ ጀምሮ ቢሮ ስለሆነ ዳዲ አላየውም። በዚያ ላይ እነዚያ የድሮ ወፍጮዎች ቦኮላቸው ሁለት ክፋይ ነበር፤ ዳዲ ስንቱን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ በብሎን ገጥሟል። ይህን መስመር ካየ መጋዝ የሚሄድበት መንገድ ነው የሚመስለው። ይህ ሁሉ ደሊል ዓይን ውስጥ ባንድ ጊዜ ገባ። ዓይኑን አንዴ ከወረቀቱ ላይ አነሳ፣ መለሰው።

«ቀረ የምትለው ነገር አለ?» አለችው ፈይሩዝ።

«የለም» አለ። «ቆንጆ ነው።»

በሦስት ሰዓት ሀጂ ብሮንዙን ከካዝናቸው አወጡት። በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ በገመድ ታስሮ፣ የሕፃን ጭንቅላት የሚያክል ድፍን ብረት። መርካቶ ሁለት ሳምንት ተፈልጎ የተገኘ ነው፤ አርባ አንድ ሺህ ብር፣ ያውም በልመና፣ ሁለተኛ ደግሞ የለም ተብሏል። የኦቦ አዱኛ ወፍጮ ከቆመ ሦስት ሳምንቱ ነው፤ የእጃጂ ገበሬ ጤፉን በአህያ ጭኖ መጥቶ በአህያ ጭኖ እየተመለሰ ነው። ዛሬ በአሥር ሰዓት ራሳቸው መጥተው ይወስዱታል፤ ከገጠመ የወፍጮው መለዋወጫ በሙሉ ከዚህ በኋላ የሀጂ ቶርኖ ቤት ሥራ ይሆናል። ሀጂ ብሮንዙን ለዳዲ በሁለት እጃቸው ሰጡት። «ቢስሚላህ ብለህ ጀምር» አሉት፤ ዳዲም ፕሮቴስታንት ስለሆነ «በጌታ ስም» ብሎ ተቀበለ፤ ሀጂም አሜን አሉ። ሲሄዱ የደሊልን ጀርባ መታ መታ አደረጉ። ስለ ሱቁ ግን ምንም አላሉትም፤ ነገ ሊነግሩት ነው።

ጠዋቱን ሙሉ ደሊል ምንም አልሠራም። ከቶርኖው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የብሮንዙ ፍቅፋቂ ወርቅ መስሎ ተጠቅልሎ ሲወድቅ ያያል። ዳዲ ሲሠራ ማውራት ይወዳል፤ ስለ ሽንኩርት ዋጋ፣ ስለ ባጃጅ ሹፌሮች፣ ልጁ ለንሳ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ላይ ስላመጣችው ውጤት፣ «ሦስት መቶ ሰማንያ! ጌታ ይመስገን!» አለ። ደሊል «እሰይ» ይላል፣ ጆሮው ግን ሌላ ቦታ ነው። ብሎን ሲሸጥ ይታየዋል። አሥር ቁጥር ስንት ነው? አሥራ ሁለት ቁጥር አለህ? ደንበኞቹ፣ ትናንት «ኢንጂነር» ሲሉት የነበሩት፣ ባንኮኒው ላይ ተደግፈው ሲያዩት፤ ከዚያ አልፈው ወደ ቢሮ፣ ወደ እሷ ሲገቡ። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይላል ያገሬ ሰው፤ ሀጂ ይህን ተረት ያውቁታል፣ ግን የማን ሆድ እንደባሰው አላወቁም።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ዳዲ ቦኮላውን ከውስጥ ጨርሶ ወለወለው። እርከኑ ቁጭ፣ ቦዩ ጥንቅቅ ብሏል፤ የእሷን ቁጥሮች አንድ በአንድ አንብቦ ነው የሠራው። ልክ በዚያ ሰዓት መብራት ሄደ። ቶርኖው እያቃሰተ ቆመ። ፈይሩዝ ቀድማ ወደ ደሊል ቤት ሄዳለች፤ ሐሙስ ሐሙስ ምሳ ከእነሱ ጋር ነው። ሀጂ ለዙህር መስጊድ ናቸው። ግቢው ውስጥ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ዳዲ ግንባሩን በክንዱ ጠረገና ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ ይዞ ጠጋ አለ።

«ኢንጂነር፣ ይቺ ለሁለት ትሰነጠቃለች አይደል? እንደ ድሮዎቹ?» አለ። «መስመሩ ይኸው። መብራት እስኪመጣ በሴጌቶ ብጨርሳት ብዬ ነው።»

ደሊል ወረቀቱን አላየም። መልሱ ምላሱ ላይ ነበር፣ አንዲት ቃል ብቻ። ኸረ ተው፣ ምን ነካህ፣ ይህ ለማየት እንጂ ለመቁረጥ አይደለም። ይህን ቢል ቦኮላው ይድናል፤ ኦቦ አዱኛ በአሥር ሰዓት መጥተው ይገጥማል፤ ሀጂ ልጃቸውን ግንባሯን ይስሟታል፤ ነገ ጠዋት እሱ ሱቅ ነው።

«ወረቀቱ ምን ይላል?» አለ።

«ወረቀቱማ ሰንጥቅ ነው የሚለው።»

«ታዲያ ወረቀቱ ያለውን አድርግ። እኔን ምን ትጠይቀኛለህ፣ ንድፉ የእሷ ነው።»

«ቶሌ» አለ ዳዲ። እሺ ማለቱ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ጠይቆት አንድ ጊዜም አሳስቶት አያውቅምና ሁለተኛ አላሰበም። ቦኮላውን በጨርቅ ጠቅልሎ ሞርሳው ውስጥ አጠበቀና ሴጌቶውን፣ ያንን የእጅ መጋዙን፣ ከሚስማሩ ላይ አወረደ። ደሊል የግቢው በር ጋ ሲደርስ የመጋዙን የመጀመሪያ ድምፅ ሰማ። ብሮንዝ ሲቆረጥ ድምፁ ቀጭን ነው። ቆመ። ሼኩ ጁምዓ ላይ ምን ነበር ያሉት፣ ሐሰድ፣ ያ ምቀኝነት፣ መልካም ሥራን ይበላል፣ እሳት እንጨት እንደሚበላ። አስታወሰው። አስታውሶም ሄደ።

የደሊል ቤት ከቶርኖ ቤቱ አምስት ደቂቃ ያህል ነው፣ ሁለት ክፍል ኪራይ፣ በወር አራት ሺህ ብር፤ አከራይዋ ከመስከረም ጀምሮ አምስት ሺህ ብላ አሁን በልመና ቆማለች። ፊት ለፊት ያለው ክፍል ውስጥ ፍራሹ መሬት ላይ ነው፣ ቴሌቪዥኑ መብራት ሲጠፋ የሚለብሰው ዳንቴል አለው። ሚስቱ ቀድሪያ ቆጮውን ጎመንና አይብ አድርጋበት አቀረበች። ፈይሩዝ እግሯን አጥፋ ተቀምጣ ታወራለች፣ ትስቃለች፣ ከዚያ ደግሞ ስጋቷ ይመለሳል። «ቀድሪያዬ ሙች ሌሊቱን አልተኛሁም። ቢበላሽ አባዬ ሁለተኛ እርሳስ እንኳን አያስነካኝም፤ ‘ለዚህ ነው አምስት ዓመት ያስተማርኩሽ?’ ነው የሚለኝ።» ቀድሪያ «ኸረ አይበላሽም፣ ደሊል እያለ» አለቻት። ደሊል ውሃ ጠጣ።

«ወንድም ጋሼ፣ ስለ ሱቁ ግን አባዬ ነገረህ እንዴ?» አለችው ፈይሩዝ፣ ድንገት። «እኔ እኮ ይሻልሃል ባይ ነኝ። ወገብህን ያምህ የለ? እዚያ ቁጭ ብለህ ነው።» ከልቧ ነበር የምትናገረው፤ ክፋት አልነበረባትም። ቀድሪያ ባሏን አየችው፤ እስከዚያች ደቂቃ ስለ ሱቅ የሚባል ነገር አልሰማችም። ደሊል «እስኪ እናያለን» አለ። በልቡ ግን ይሻልሃል? ይሻልሃል ነው ያለችኝ? አለ፤ ወደ ኋላ ሊመልሰው የነበረው ነገር እንደገና ጠጠረ። መጋዙ አሁን የት ደርሶ ይሆን? ዳዲ ብርቱ ነው፤ ግን ብሮንዝ ወፍራም ነው። እርከኑ ጋ ገና አልደረሰም ይሆናል። አሁን ቢነሳ፣ ስልክ እንኳን ቢደውል። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነው፣ ጭኑ ላይ ይሰማዋል። ፈይሩዝ ቆጮውን በጎመን ጠቅልላ፣ አይቡን ሞላ አድርጋ፣ በእጇ ወደ አፉ ዘረጋችው። «እንካ፣ ምነው ዛሬ አልበላህም? በሞቴ!» አለች። አፉን ከፈተ። ጎረሰ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብላ ሁለተኛውን ደገመችው። እሱንም ጎረሰ። ቀድሪያ የሆነ ነገር ገብቷት ነበር፣ ምን እንደሆነ ግን አላወቀችም።

ስምንት ሰዓት ላይ ሲመለሱ ዳዲ ቆርጦ ጨርሶ ጫፎቹን በሞረድ እያለሰለሰ ነበር። ሳያልቅ አይታይም ስላላት ፈይሩዝ ላፕቶፕዋን ልታይ ቢሮ ገባች፤ ደሊል በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ሁለቱ ግማሾች ጨርቅ ላይ ጎን ለጎን ተኝተው አያቸው። ደስ ይለኛል ብሎ ነበር። አላለውም፤ አላዘነምም። ጥርሱን እንደተነቀለ ሰው አንድ ጎኑ ደንዝዞ ቁጭ አለ።

በአሥር ሰዓት ኦቦ አዱኛ በፒክ አፕ መጡ። ረጅም፣ ኮታቸው ዱቄት የማይለየው ሰው ናቸው። ሀጂ ተቀበሏቸው፣ ፈይሩዝ ወጣች፣ ለስላሳ መጣ። ዳዲ በወለወለው ትሪ ላይ ሥራውን ይዞ ወጣ፤ ኩራት በፊቱ ነበር፣ እንደዚህ ያለ ጥርት ያለ ሥራ ከሠራ ዓመት ሆኖታል። ጨርቁን ገለጠው።

ፈይሩዝ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ኦቦ አዱኛ አንዱን ግማሽ አንስተው አዩት፣ ሁለተኛውን አንስተው አዩት፣ ሁለቱን ገጠሟቸው፤ መጋዙ የበላው ቦታ ክፍተቱ ለዓይን ይታያል። «ኩን ማል?» አሉ። ይህ ምንድነው። «ሀጂ፣ የእኔ እኮ አንድ ወጥ ነው። ናሙናውን አልሰጠሁም?»

«ማነው ሰንጥቅ ያለህ?» ሀጂ ጮኹ፤ ያን ጊዜ እጃጂ ድረስ ይሰማ ነበር።

«ወረቀቱ ነው» አለ ዳዲ። አሁንም አልገባውም ነበር። ወረቀቱን አውጥቶ መስመሩን በጣቱ አሳየ። ፈይሩዝ «ጋሽ ዳዲ፣ እሱ እኮ… እሱ ለማየት ነው፣ ውስጡን ለማሳየት ነው…» ብላ ጀምራ አልጨረሰችውም። ለማን ታስረዳለች? ሀጂ ወረቀቱን ነጥቀው አገላበጡት፤ እሳቸውም ንድፍ ማንበብ አይችሉም። አርባ አንድ ሺህ ብር። ሁለት ሳምንት መርካቶ። «አንተስ ሰው አትጠይቅም? ማንንም አልጠየቅክም?»

ዳዲ ቀና አለ። ያን ጊዜ ነው የገባው። ደሊልን አየው፣ ረጅም ጊዜ ሳይሆን አንዴ ብቻ፤ ደሊልም ዓይኑን ትሪው ላይ ተከለ። ዳዲ ለመዋሸት ሃይማኖቱ አይፈቅድለትም፣ ጓደኛውን ለማሳጣትም ልቡ አልቻለም። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሀጂ» አለ።

«የአንተ አይደለም» አሉ ሀጂ፤ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ሰው ፊት አልተሳደቡም፣ ድምፃቸው ይልቁንም ዝቅ አለ፤ የሚያስፈራውም እሱ ነው። «ወረቀት ሠራተኛው የሚያነበው ካልሆነ ምኑ ነው ኢንጂነርነት? ከነገ ጀምሮ ሱቅ ትገቢያለሽ።» ኦቦ አዱኛ የድሮውን የተበላ ቦኮላቸውን በከረጢት አድርገው መኪናቸው ውስጥ ከተቱ። «ማሎ ሀጂ፣ ለምን ኮምፒውተር አሉኝ? ያ የድሮው ግምት ይሻለኝ ነበር» አሉ። ነገ ወደ አዲስ አበባ ነው፤ እዚያ ካልተገኘ ወፍጮው ይሸጣል። ለስላሳው ሳይከፈት ቀረ።

ሀጂ ደሊልን በክንዱ ይዘው ቢሮ አስገቡት። ራሳቸው ላፕቶፑን ወደ ጥግ ገፉት፣ ራሳቸው የወተት ዱቄቱን ጣሳ ከመሬት አንስተው ጠረጴዛው ላይ አደረጉለት። «ልኬቱ አለህ። እንደገና ሥራው፣ በእርሳስ፣ ዳዲ የሚገባውን አድርገህ። ብሮንዝ ከተገኘ ሰውየውን ሄጄ እለምናለሁ» አሉት። በሩ ጋ ደርሰው ዞሩ። «ቅር ያሰኘሁህ ነገር ካለ አውፍ በለኝ የኔ ልጅ» ብለው ወጡ። የፈለገው ሁሉ በአንድ ከሰዓት ሆነለት። ወንበሩ፣ ጠረጴዛው፣ ይቅርታው ሳይቀር።

ደሊል አንድ ሰዓት ሠራ። ወፍራሙን መስመር፣ ከዚያ የተቆራረጠውን፣ እርከኑን፣ ቦዩን። ፈይሩዝ ጥግ ላይ ቆማ የላፕቶፕዋን ገመድ ትጠቀልላለች፤ አልቅሳ ጨርሳለች። «ወንድም ጋሼ» አለች። «ይቅርታ አድርግልኝ። በጥድፊያ ነው ያሳየሁህ። ረጋ ብለህ አይተኸው ቢሆን ታስቆመኝ ነበር።» ደሊል መስመሩን ቀጠለ።

ዳዲ ወረቀቱን ሊወስድ ገባ። ሁልጊዜ ገና የላጲሱ ፍርፋሪ ሳይጠረግ እየነጠቀ ነበር የሚሄደው። ዛሬ አልነካውም።

«ፈርምበት» አለ።

«ምን?»

«ስምህን ጻፍና ፈርምበት። ከሥሩ ደግሞ አይሰነጠቅም ብለህ ጻፍ።»

«ዳዲ፣ እኔ እኮ ነኝ» አለ ደሊል፤ ሊስቅ ሞከረ።

«አንተ ስለሆንክ ነው» አለ ዳዲ። «ከዛሬ በኋላ በአፌ አልጠይቅህም።»

ፈይሩዝ ገመዱን መጠቅለል አቆመች። አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች። ቀስ ብላ ነው የገባት፤ እየገባትም ፊቷ ተለዋወጠ። «ጠይቆህ ነበር እንዴ?» አለች። ደሊል ሊዋሽ ይችል ነበር፣ ዳዲ ባይቆም ኖሮ ይዋሽም ነበር። ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«መቼ?» አለች ፈይሩዝ።

«መብራት የሄደ ጊዜ» አለ ዳዲ፣ መሬት መሬቱን እያየ። «ወደ ምሳ ሳይወጣ።»

«ስንበላ ታውቅ ነበር?» ብላ ጠየቀችው ፈይሩዝ፣ ድምፅዋ እንደ ሕፃን ቀጥኖ። «ሳጎርስህ?»

«አዎ» አለ ደሊል።

አልጮኸችም፣ አልተራገመችም። ላፕቶፑን በብብቷ ይዛ፣ ገመዱ ኋላዋ እየተጎተተ ወጣች። ደሊል «አባዬ!» ብላ እስክትጣራ ጆሮውን ቀስሮ ጠበቀ። አልተጣራችም። ቆይቶ የሱቁ የብረት መዝጊያ ወደ ላይ ሲከፈት ብቻ ተሰማ፤ ነገ እስኪሆን እንኳን አልጠበቀችም። ዳዲ አሁንም ወረቀቱን እየጠበቀ ቆሟል። ደሊል ብዕር ፈልጎ ስሙን ከነአባቱ ጻፈና ፈረመ።